ችግኙ የወረዳውን ዕቅድ አይጠብቅም

ሐምሌ ሲገባ ከየወረዳው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚላከው የአትክልት ሪፖርት አንድ ዓይነት መልክ አለው። ይህን ያህል ሄክታር መሬት ተዘጋጀ፣ ይህን ያህል ችግኝ ለአርሶ አደሩ ተሠራጨ፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናወነ ይላል። ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ችግኙ ከመደብ ተነሥቷል፤ ማሳ ላይም ተተክሏል። ሪፖርቱ የማይናገረው ግን ሁለት ነገር አለ፤ ችግኙ ሲነሣ ስንት ቀኑ እንደነበረና መሬት የገባው በስንት ሰዓት እንደሆነ። በርበሬ አምራቹ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚለቅመው ምርት በእጅጉ የተንጠለጠለው በእነዚህ ባልተጻፉት ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በአካባቢያቸው በርበሬ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ የሚመረት አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላክበት፣ በሬ የሚገዛበት ሰብል ነው። ስለዚህ በርበሬው ሲከሽፍ ቤቱ ይናጋል። ከከሸፈ በኋላ የሚሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው፤ ወይ ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፣ ወይ አጠውላጊ በሽታ ገባ፣ ወይ ዘሩ ጥሩ አልነበረም። እነዚህ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ከመደብ ወደ ማሳ በተደረገችው የአንድ ቀን ጉዞ የተበላሸው ነገር ከምክንያቶቹ መካከል ሲቆጠር እምብዛም አይሰማም።

በርበሬ እንደ ቡና ወይም እንደ አቮካዶ ዘንድሮ ቢጎዳ በሚቀጥለው ዓመት የሚያካክስ ተክል አይደለም። በእኛ አገር አመራረት ዕድሜው የአንድ ወቅት ነው። ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚያወጣበት፣ የሚያብብበት፣ ፍሬ የሚይዝበትና ፍሬው የሚቀላበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ይህ ቆጠራ ችግኙ ታመመ ወይም ደከመ ተብሎ አይቆምም። በተዛወረበት ሳምንት የተመታ ችግኝ ለአሥር ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት ባለበት ይቆማል፤ አዲስ ቅጠል አያወጣም፣ ሥሩም አይሰፋም። ቀኑ ግን ይሄዳል። ከዚያ ቁመቱ ገና ስንዝር ሳይሞላ ማበብ ይጀምራል። በዚያች ትንሽ ግንድ ላይ ሁለትና ሦስት ፍሬ ሲያንጠለጥል ጉልበቱን ሁሉ ወደ ፍሬው ስለሚልክ ከዚያ ወዲያ ቅርንጫፍ አያበዛም። አርሶ አደሩ «ቀድሞ አፈራልኝ» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ያ የጥንካሬ ሳይሆን የመጨነቅ ምልክት ነው።

ይህ ጉዳት በሪፖርት የማይታይበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የሞተ ችግኝ ይታያል፤ ይተካል፤ ይቆጠራል። ሳይሞት የቆመው ግን አረንጓዴ ስለሆነ «ጸድቋል» ይባላል። በርበሬ በመስመሮች መካከል 70 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ሲተከል አንድ ሄክታር 47,600 ያህል ችግኝ ይይዛል። ሩብ ሄክታር ያለው አርሶ አደር ወደ 11,900 ችግኝ ይተክላል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንዱ ቢሞት 1,190 ባዶ ቦታ ይታየዋል፤ ይደነግጣል፤ ይሮጣል። የቀረው 10,710 በሙሉ ለሁለት ሳምንት ቆሞ ቢቆይ ግን የሚደነግጥ የለም። የሚበልጠው ኪሳራ ግን ይኸኛው ነው። የክረምቱ ዝናብ መስከረም ላይ እየሳሳ ሲሄድ ፍሬ ለመያዝ እርጥበት የሚያስፈልገው ተክል ገና ቅርንጫፉን ሳይጨርስ ይቀራልና።

ችግኝ ሲዛወር ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ለአርሶ አደሩም ለኃላፊውም ይጠቅማል። ውሃ የሚጠጡት ወፍራሞቹ ሥሮች ሳይሆኑ በጫፋቸው ያሉት ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ችግኝ ተጎትቶ ሲነቀል መጀመሪያ ተበጥሰው መደብ ውስጥ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ያልተበጠሱትም ለነፋስና ለፀሐይ ከተጋለጡ ወዲያው ይደርቃሉ። ቅጠሉ ግን እንደወትሮው ውሃ ማትነኑን አያቋርጥም። ገቢው ተቋርጦ ወጪው እንደቀጠለ ቤት ማለት ነው። እዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲጨመር ችግኙ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ ከሁለት አይወጣም፤ የሚበጠሰውን ሥር መቀነስ፣ ሥሩ እስኪያገግም ደግሞ ከቅጠሉ የሚተነውን ውሃ መቀነስ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የቀን ስሌት ነው። በርበሬ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ከቆየ ለመዛወር ይደርሳል፤ ብርድ በሚበዛበት ቦታ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። የማሳ ተከላው ሐምሌ 1 እንዲሆን ከተፈለገ 50 ቀን ወደኋላ ተቆጥሮ ዘሩ ግንቦት 11 መደብ ላይ መዋል አለበት። ቀላል ስሌት ነው። ነገር ግን በብዙ ቦታ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘሩ በደረሰ ጊዜ ይዘራል፤ ተከላው ደግሞ የንቅናቄው ቀን ሲታወጅ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ የሚጠይቅ የለም። ዘሩ ዘግይቶ ከመጣ የ30 ቀን ጨቅላ ይነቀላል። ቀድሞ መጥቶ ዝናቡ ከዘገየ ደግሞ ችግኙ መደብ ላይ ቆሞ 70 ቀን ይሞላዋል፤ ይረዝማል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ እዚያው መደብ ላይ አበባ ያወጣል። አበባ ይዞ ከመደብ የተነሣ በርበሬ ከላይ የተነገረው ዕጣ ገና ማሳ ሳይደርስ ደርሶበታል።

ዝናቡን ማዘዝ አይቻልም የሚለው መከራከሪያ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አለመዝራት ነው። ግማሹ ግንቦት 8፣ ግማሹ ግንቦት 18 ቢዘራ ሐምሌ 1 ላይ የመጀመሪያው የ53 ቀን፣ ሁለተኛው የ43 ቀን ይሆናል። ዝናቡ በጊዜው ከገባ የመጀመሪያው ይተከላል፤ ሁለተኛው ሊደርስ ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረዋል። ዝናቡ እስከ ሐምሌ 10 ቢዘገይ ሁለተኛው 52 ቀን ሞልቶት በትክክለኛው ዕድሜው ይገኛል። የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ የጉልበትና የመደብ ቦታ ጥያቄ ያነሣሉ። ቦታው ግን አይጨምርም፤ ያው መደብ ለሁለት ተከፍሎ ይዘራል እንጂ። የሚጨምረው አንድ ተጨማሪ የመዝሪያ ቀንና ሁለተኛ የቀን መዝገብ ነው። በየመደቡ ራስ ላይ የተዘራበትን ቀን የሚያሳይ እንጨት መትከልም ገንዘብ አይጠይቅም። ቀላል ይመስላል፤ የተዘራበት ቀን ያልተጻፈበት መደብ ግን ብዙ ነው።

ዕድሜው ካለፈ ችግኝ ሌላ አማራጭ የሌለው አርሶ አደር ቢያንስ አበባውንና እንቡጡን በጥፍሩ ቀንጥሶ ይትከል። ሲታይ ያሳዝናል፤ ተክሉ ግን ያን ጉልበት ለሥሩ ያውለዋል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ ነገሩ ከግብርና ሳይንስ ወጥቶ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ይገባል። በርበሬ ተከላ ብዙ እጅ ይፈልጋል። 11,900 ችግኝ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይጨርሰውም፤ ስለዚህ ወንፈል ወይም ደቦ ይጠራል። ደቦ ደግሞ በጠዋት ይመጣል። የመጣው ሰው ሥራ ይሰጠኝ ይላል፤ የቤቱ እመቤት ምግቡንና ጠላውን አዘጋጅታለች፤ ባለቤቱም እንግዳውን አስቀምጦ ፀሐይ እስኪበርድ ጠብቁ ማለት ያፍራል። እናም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም ለችግኝ ክፉ በሆነው ሰዓት፣ ተከላው ይጠናቀቃል። አርሶ አደሩን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሥራውን እንደገና መደልደል ግን ይቻላል። ጠዋት የመጡት ሰዎች ትልም ያውጡ፣ ኮምፖስት ይበትኑ፣ የመትከያውን ጉድጓድ በገመድ ለክተው ይጨርሱ። ምሳ ይበሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ችግኙን እያነሡ እስከ ምሽት ይትከሉ። በሌሊቱ ቅዝቃዜ ችግኙ ያለ ፀሐይ 12 ሰዓት ያህል ያገግማል። ጠዋት ፀሐይ ስታገኘው ቀና ብሎ ይቆማል።

ሐምሌ ደመናማ ወር ነው፣ ሰዓት መምረጥ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ከከበደ ልክ ናቸው። ነገር ግን ዝናብ በሚያርፍባቸው ቀናት ረፋድ ላይ ብልጭ የምትለው የክረምት ፀሐይ ከበጋዋ የማትተናነስ ናት። በሌላ በኩል ዝናቡ ጠግቦ መሬቱ ጭቃ በሆነበት ሰዓት መትከልም ጥሩ አይደለም። በተለይ ዋልካ መሬት በእግር ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩ አየር ያጣል። እንዲህ ባለው መሬት በርበሬ ከትልሙ ጀርባ ላይ እንጂ ከቦዩ ውስጥ መተከል የለበትም። ውሃ የተኛበት በርበሬ ለሥር አበስባሽና ለአጠውላጊ በሽታ የተዘጋጀ ነው።

በመስኖ የሚያለሙት ደግሞ ችግራቸው የከፋ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደመና የለምና። መራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ በተገነባው የቆጋ መስኖም ሆነ በፎገራ ሜዳ የአትክልት ተከላ የሚወሰነው በውሃ ተራ ነው። ተራው ነገ ከሆነ ችግኙ ዛሬ ይተከልና ሌሊቱንና ግማሽ ቀኑን ደረቅ መሬት ውስጥ ያድራል። ወይም ውሃው በጠዋት መጥቶ ያልፍና ችግኙ ከሰዓት በኋላ ይተከላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ አስቀድሞ የጠጣ መሬት ችግኙን ይቀበለዋል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት በተከላ ሳምንት ብቻ እንኳ ተራውን ከተከላው ሰዓት ጋር ቢያቀናጁት ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይጠቅማል። ይህ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ ሳይሆን የስብሰባ አጀንዳ ነው።

ችግኙን ከመደብ በማንሣቱ ሥራ ላይ ደግሞ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚናገሩት፣ አርሶ አደሩም የሚያውቀው፣ በጥድፊያ ቀን ግን የሚረሳ ነገር አለ። ከመዛወሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀደም ብሎ የመደቡ ዳስ ቀስ በቀስ ይነሣል፤ ውሃውም ይቀነሳል። ይህ ችግኙን ማላመድ ይባላል። በጥላና በየቀኑ ውሃ የተቀማጠለ ችግኝ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ሲጣል ይደናገጣል። ማላመድ ማለት ግን ማስጠማት አይደለም፤ ቅጠሉ በቀትር ጥቂት ዘንበል ብሎ ማታ ካልተነሣ አልፏል ማለት ነው። በሚነሣበት ቀን ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ መደቡ በደንብ ይጠጣል። ከዚያ በአካፋ ወይም በሹል እንጨት ከሥር ተፈንቅሎ አፈሩን እንደያዘ ይነሣል። አንገቱን ይዞ መጎተት ክልክል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተነሣው ችግኝ እርጥብ ጆንያ ወይም የኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ በዚያው ቀንም ይተከል። በርበሬ መደብ ላይ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይተከላል፤ ግንዱ ጠልቆ ከተቀበረ ሊበሰብስ ይችላል። አፈሩ በጣት ቀለል ተደርጎ ይጠጋለታል። ወዲያውም ውሃ ያገኛል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከሥሩ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ በአፈር ይሸፈናል፤ ዩሪያና ያልበሰለ ፍግ ግን አዲስ ሥር ሲነካ ያቃጥላልና ችግኙ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ። ትንባሆ የሚያጨሱ ወይም ሱረት የሚወስዱ ተካዮች ችግኝ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ የሚለው ምክርም እንደ ቀልድ መታየት የለበትም። በትንባሆ ላይ ያለው የቫይረስ በሽታ በእጅ ወደ በርበሬና ወደ ቲማቲም ይተላለፋል።

ከመንግሥት ጣቢያ ወደ ቀበሌ የሚጓዘው ችግኝ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። በክፍት መኪና ላይ ሥሩ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ፣ ጠዋት የተነሣው ቀትር ላይ ቀበሌ ይደርሳል። ለርክክብ ፊርማ ይጠበቃል። ለማከፋፈል ወረፋ ይያዛል። አርሶ አደሩ ቤቱ ሲያደርሰው ችግኙ የቆመ ቢመስልም ሥሩ አልቆለታል። ወረዳዎች ለማጓጓዣ የሚያወጡትን ነዳጅ ያህል ለሸራና ለእርጥብ ጆንያ ቢያስቡ፣ መኪናውም ቀትር ላይ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ቢደርስ ወጪው ከንቱ አይቀርም ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚህም የተሻለው በየቀበሌው፣ ከተቻለም በየአርሶ አደሩ ማሳ ራስ ላይ መደብ ማዘጋጀት ነው። ሃያ እርምጃ የተጓዘ ችግኝ ሃያ ኪሎ ሜትር የተጓዘውን አይመስልም።

ሁሉም አትክልት እንደ በርበሬ አይደለም። ቲማቲም በአራትና በአምስት ሳምንት ይደርሳል፤ ከግንዱም ሥር ስለሚያወጣ ጠለቅ ተደርጎ ቢተከል ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ስለዚህ ትንሽ ስህተት ይቅር ይላል። ሽንኩርት በ45 እና በ55 ቀን መካከል ይዛወራል። መደብ ላይ ከመጠን በላይ ወፍሮ የቆየ የሽንኩርት ችግኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲያገኘው ኮረት በመያዝ ፈንታ የአበባ ዘንግ ሊያወጣ ይችላል። ገበያ ላይ አበባ የሚገዛ የለም።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህ በከተሞች ግቢ ውስጥ በባልዲ፣ በጀሪካንና በከረጢት አትክልት መትከል እየተለመደ መጥቷል። እዚህም ያው ስህተት በትንሽ መልኩ ይደገማል። በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት የፈላ የሚጥሚጣ ወይም የቲማቲም ችግኝ ወደ ትልቅ ዕቃ ሳይዛወር ይቆያል። ሥሩ የከረጢቱን ዙሪያ እየዞረ ይጠቀለላል። ከዚያ ወደ ትልቁ ባልዲ ቢገባም የተጠቀለለው ሥር እዚያው መዞሩን ይቀጥላል። ምልክቱ ከከረጢቱ ቀዳዳ ብቅ የሚል ነጭ ሥር ነው፤ ያን ጊዜ መዛወር አለበት። አንዳንዶች ከትንሽ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ ትልቅ እያሉ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያዛውራሉ። ለሎሚ ዛፍ ይህ ችግር የለውም። ዕድሜው አጭር ለሆነ ተክል ግን እያንዳንዱ መዛወር ቀን ስለሚበላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቀጥታ እስከ መጨረሻው ወደሚኖርበት ዕቃ መሆን አለበት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ባልዲው ከታች ይበሳ፤ አዲሱ አፈር አስቀድሞ ይርጠብ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው አፈር እንዳይፈርስ ከጥቂት ሰዓት በፊት ውሃ ይጠጣ፤ ፕላስቲኩ በምላጭ በጎኑ ይቀደድ እንጂ ችግኙ ከላይ አይጎተት። በአንድ እጅ የሥሩን አፈር ደግፎ፣ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ውስጥ በቀድሞው ጥልቀት ማስቀመጥ ነው። ፕላስቲኩን ሳያወጡ መትከል ግን በግቢ ብቻ ሳይሆን በችግኝ ተከላ ዘመቻዎችም የሚታይ አሳፋሪ ነገር ነው። ከተተከለ በኋላ ለሦስትና ለአራት ቀን ከቀትር ፀሐይ ይከለል። ትልቅ ባልዲ ውስጥ ያለ ትንሽ ችግኝ ደግሞ ብዙ ውሃ ስለማይጠጣ ባልዲውን ሙሉ ማጥለቅለቅ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ውሃው በችግኙ ዙሪያ ብቻ ይበቃዋል።

ወደ ወረዳው ሪፖርት እንመለስ። ባለሙያው የሚመዘነው በተሠራጨው ችግኝ ብዛት እስከሆነ ድረስ የ70 ቀን ችግኝ ማሠራጨቱ አያስጠይቀውም፤ እንዲያውም አለማሠራጨቱ ያስጠይቀዋል። መደብ ላይ ያረጀውን ችግኝ «ይህ አይሆንም» ብሎ የሚያስወግድ ባለሙያ ከዕቅዱ በታች ሪፖርት ያደርጋል፤ ይወቀሳል። ለአርሶ አደሩ የተሻለ ሥራ የሠራው ግን እሱ ነበር። ይህን የመዘነው የለም። ኃላፊዎች ይህን ካላስተካከሉ የባለሙያው ዕውቀት ብቻውን ምንም አያደርግም። የሚያስፈልገው ሪፖርቱ ላይ ሦስት ዓምድ መጨመር ነው፤ ችግኙ ሲነሣ የነበረው የቀን ብዛት፣ የተተከለበት ሰዓት፣ ከተተከለ በ21ኛው ቀን አዲስ ቅጠል ያወጣው ብዛት። የመጨረሻው ሁሉንም ማሳ መቁጠር አይጠይቅም። በየቀበሌው ጥቂት ማሳዎች ተመርጠው በእያንዳንዳቸው አንድ መስመር፣ አንድ መቶ ተክል መቁጠር በቂ ግምት ይሰጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለዚህ በአንድ ማሳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

አርሶ አደሩም ወረዳውን ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ዘንድሮ መደቡን ሲያዘጋጅ ከሚያስፈልገው ችግኝ አሥር በመቶ ያህል ትርፍ ይዝራ፤ ይኸውም ለሩብ ሄክታር 1,200 ገደማ መሆኑ ነው። እነዚህ በተከላው ቀን አይነሡም፤ በመደቡ ጥግ ይቆያሉ። በሳምንቱ ማሳውን እየዞረ የሞቱትን ሲያይ፣ ከጎረቤት ያረጀ ችግኝ ከመለመን በዚያው ቀን ማምሻውን ከራሱ መደብ አንሥቶ ይተካቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚተካ በርበሬ ግን ቀድመው በተተከሉት ጥላ ስለሚዋጥ ድካሙን አይመልስም።